ደጋኑ ነው ወይስ ገበያው? በቀስት የሚያድኑ ሕዝቦችና የዱር እንስሳት ጥበቃ ክርክር

በሰሜን ታንዛኒያ፣ በኤያሲ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ሐድዛዎች ዝንጀሮ ወይም እንሹ በቀስት ሲጥሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዩቲዩብና በቲክቶክ በስፋት ይታያሉ። ከቪዲዮዎቹ ሥር የሚነሳው ሙግት ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ይለያል። አንደኛው ወገን «የዱር እንስሳ እያለቀ መንግሥት እንዴት ዝም ይላል?» ሲል፣ ሌላኛው «እነሱ ከአራዊት ጋር ተቻችለው ስንት ዘመን ኖረዋል፤ የጨረስነው እኛ ነን» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ባዶ ንግግር አይደሉም። ሆኖም ሁለቱም የሚከራከሩት በመሣሪያውና በባህሉ ላይ ነው። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ታሪክ በቅርብ ሲመረመር ግን የዱር እንስሳትን ዕጣ የወሰኑት በአብዛኛው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ሆነው ይገኛሉ፤ የተገደለው እንስሳ ለማን ይሸጣል? መሬቱስ በማን እጅ ነው? ይህ ጽሑፍ በቀስት የሚያድኑ ሦስት ሕዝቦችን፣ ማለትም የታንዛኒያን ሐድዛዎች፣ የኬንያን ዋታዎችና የቦትስዋናን ሳኖች በማነጻጸር ነገሩን ለማብራራት ይሞክራል። የኢትዮጵያ ሕግ ከሚጠቀስበት ቦታ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው «የቀስት አደን» የሚለው ስያሜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚያጭቅ ነው። የመጀመሪያው ለዕለት ጉርስ የሚደረግ አደን ነው፤ አዳኙ የገደለውን ራሱ፣ ቤተሰቡና ሰፈርተኛው ይበሉታል። ሁለተኛው በአሜሪካና በአንዳንድ አገሮች በፈቃድና በወቅት ተወስኖ የሚካሄደው የስፖርት አደን ሲሆን፣ የሚጠቀመውም በአብዛኛው መዘውር የተገጠመለት ዘመናዊ ደጋን ነው። ሦስተኛው ለገበያ የሚደረገው ሕገ ወጥ አደን ነው። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ ወይም በብዛት ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ የሚፈለግበት ይህ አደን ጠመንጃም፣ የሽቦ ወጥመድም፣ የመርዝ ቀስትም ይጠቀማል። ከዚህ በታች የሚነሳው በዋናነት የመጀመሪያውና የሦስተኛው ግንኙነት ነው፤ ክርክሩ የሚወሳሰበውም ሁለቱ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ነው።

ደጋን እንዴት ይሠራል? ምን ያህልስ ይችላል?

ስለ ቀስት አደን ጉዳት ለመናገር መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ይቀድማል።

የሐድዛ ወንድ ልጅ ደጋን የሚይዘው ገና በሕፃንነቱ ነው። መጀመሪያ ወፍና እንሽላሊት ይለማመድበታል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ደጋኑም እየረዘመና እየከበደ ይሄዳል። ለደጋን የሚቆረጠው እንጨት ቀጥ ያለና አንጓ ያልበዛበት መሆን አለበት። ቅርፊቱ ይላጣል፤ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን እንዲል በቢላዋ ይጠረባል፤ እሳት ላይ እየሞቀ ይቃናል፤ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅም የእንስሳ ስብ ይቀባል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ደጋን ሲሳብ ወደ ኢላማው የዞረው ገጽ ይለጠጣል፣ ወደ ተኳሹ የዞረው ይጨመቃል። አንጓ ወይም ስንጥቅ ካለ ውጥረቱ እዚያው ይጠራቀምና እንጨቱ ይሰበራል። ደጋኑ ረጅም ሲሆን ውጥረቱ በብዙ ክንድ ስለሚከፋፈል የመሰበር ዕድሉ ይቀንሳል። የሐድዛ ደጋን ከባለቤቱ ቁመት የማይተናነሰውም ለዚህ ነው። አውታሩ ዱሮ ከቀጭኔ፣ ከሜዳ አህያ ወይም ከኢምፓላ ጅማት ይገመድ ነበር፤ ዛሬ ናይለንም ገብቷል።

ፍላጻው ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቀጭኑ ዘንግ በፍም ላይ ይሞቃል፤ ከዚያ አዳኙ የጎበጠችውን ቦታ በጥርሱ ነክሶ ያቃናታል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታል፣ ካልተስማማው መልሶ ያሞቀዋል። ከበስተኋላው የጅግራ ወይም የጥንብ አንሳ ላባ በጅማት ይታሰርለታል፤ ያለ ላባ የተወረወረ ፍላጻ አቅጣጫውን ይስታል። ለወፍና ለትናንሽ እንስሳት የእንጨት ሹል ይበቃል። ለትልልቆቹ የሚሆነው የብረት ጫፍ በአብዛኛው ከሚስማር የሚሠራ ነው፤ ሚስማሩ በድንጋይ ላይ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። አንዳንዱ ከጎረቤቶቻቸው ከዳቶጋ አንጥረኞች በልውውጥ ይገኛል። «ከዓለም ተነጥለው የሚኖሩ» ለሚለው የቪዲዮ ትረካ ይህች ሚስማር ብቻዋን በቂ መልስ ናት።

ይህን ሁሉ ሙያ ይዞ አዳኙ የሚተኩሰው በአብዛኛው 20 ወይም 30 ሜትር ያህል ተጠግቶ ነው። ነፋሱ ወደ እንስሳው ከነፈሰ አይሆንም፤ የአውታሩን ድምፅ የሰማች ኢምፓላም ፍላጻው ሳይደርስ ዞር ትላለች። ስለዚህ የቀስት አደን ጉልበቱ ከደጋኑ ይልቅ በመጠጋት፣ በማድፈጥና ዱካ በመከተል ላይ ያረፈ ነው።

መርዙ

አንድ ፍላጻ ቀጭኔን ወይም ጎሽን ወዲያው ሊጥል አይችልም። ክፍተቱን የሚሞላው መርዙ ነው። ሐድዛዎች የበረሃ ጽጌረዳ የምትባለውን አበባማ ቁጥቋጦና ሌሎች ዕፅዋት ይጠቀማሉ። የካላሃሪ ሳኖች መርዛቸውን የሚያገኙት ከአፈር ቆፍረው ከሚያወጡት የጥንዚዛ እጭ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኬንያ፣ በጻቮ አካባቢ የኖሩት ዋታዎች ደግሞ የሚጠቀሙት በኢትዮጵያም በሰፊው የሚበቅለውን፣ በአማርኛ ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለውን ዛፍ ነው። እንጨቱና ሥሩ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ነገር ይቀራል። ይህ በፍላጻው አንገት ላይ ይለቀለቅና እንዳይደርቅ፣ ባለቤቱንም በድንገት እንዳይወጋ በስስ ቆዳ ይጠቀለላል።

በምረንዝ ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ኡዋባይን ይባላል። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሶዲየምን እያስወጡ ፖታሲየምን የሚያስገቡበት ሥርዓት አላቸው፤ ኡዋባይን ይህን ሥርዓት ይዘጋል። በዚህም ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ በመጨረሻም ልብ ትቆማለች። ንጥረ ነገሩ ቀድሞ በመጠን ተመጥኖ ለልብ ሕሙማን መድኃኒትነት ያገለግል ነበር። በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ አዳኞች በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ቆርጠው ጥለው ሌላውን ይበላሉ። የዛፉን ኃይል ያወቀው የሰው ልጅ ብቻ አለመሆኑም ይገርማል። በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር አንድ ባለ ጎፈር አይጥ የምረንዝን ቅርፊት አኝኮ በጎኑ ላይ ያለውን ልዩ ጸጉር እንደሚቀባና የነከሰውን ውሻ ለሞት እንደሚያደርስ ተመራማሪዎች በ2011 አሳውቀዋል።

የመርዝ ፍጥነት እንደ ዓይነቱና እንደ እንስሳው ይለያያል። የሳኖች ደጋን ቀላል ነው፤ ሥራው ፍላጻውን ከቆዳ ሥር ማድረስ ብቻ ነው። ትልቅ እንስሳ ሲመቱ እስኪወድቅ አንዳንዴ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ዱካውን ይከተላሉ። የዋታዎቹ በአንጻሩ እጅግ ከባድ ነው፤ ለመሳብ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋን ይሠሩ ነበር። ምክንያቱም ያነጣጠሩት ዝሆን ላይ ነበር፤ ፍላጻው ወፍራሙን ቆዳ አልፎ ጠልቆ መግባት ነበረበት።

የሐድዛ አደን ልጓም

በ1980ዎቹ ከሐድዛዎች ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች የአዳኞቹን ውሎ እየመዘገቡ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ አዳኝ ትልቅ እንስሳ የሚጥለው በአማካይ በወር አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። በየቀኑ ወጥቶ፣ በየቀኑ ተግቶ ማለት ነው። ምግባቸው የሚሞላው ሴቶች በሚቆፍሩት ሥራ ሥር፣ በፍራፍሬ፣ በባኦባብና በማር ነው። ወንዶቹ ማሩን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ማር መሪ በምትባለው ወፍ እርዳታ ነው። ወፏ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ታስከትላለች፣ ሰውየው በጭስ ንቦቹን አባርሮ ቀፎውን ይከፍታል፣ ወፏም ሰሙን ትበላለች። ከአንበሳና ከነብር ጋር ያላቸው ጉርብትና ደግሞ ለየት ይላል። ጥንብ አንሳ ሲዞር ካዩ ሮጠው ሄደው አንበሳው የገደለውን ይነጥቁታል። በበጋ ሌሊት ውሃ ዳር አድፍጠው ሲጠብቁ ግን አዳኙ ራሱ ታዳኝ የመሆን ዕድል አለው።

አንድ አዳኝ የጣለው ቀጭኔ ለሰፈሩ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ሥጋ የሚከማችበት ቦታም፣ የሚሸጥበት ልማድም አልነበረም። ዝሆንን ጨርሶ አያድኑም። የሕዝቡ ቁጥር 1,300 ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ከዚያ ውስጥ ጥቂት መቶዎቹ ብቻ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለአደኑ ልጓም ይሆኑታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንድ አንትሮፖሎጂስቶች ይህን ልጓም «ጥበቃ» ብሎ መጥራትን ይቃወማሉ፤ አንድ ሕዝብ እንስሳትን ሆን ብሎ ለነገ ሲያስቀር እና ብዙ ለመግደል አቅም ወይም ምክንያት ሲያጣ ውጤቱ ከሩቅ አንድ ቢመስልም ነገሩ ይለያያል ይላሉ። ክርክሩ ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐድዛዎችን ከሰው ሁሉ የተሻሉ የተፈጥሮ ጠባቂዎች አድርጎ መሳል ውሎ አድሮ እነሱኑ ይጎዳል፤ አንድ ወጣት አንድ ቀን ሥጋ ሸጦ ስልክ ሲገዛ «ባህላቸው ጠፋ» ተብሎ መብታቸው አብሮ ሊጠየቅ ነውና።

ልጓሙ ሲበጠስ፦ የጻቮ ዋታዎች

ልጓሙ የሚይዘው እስከ የት እንደሆነ የሚያሳየው የዋታዎች ታሪክ ነው። ዋታዎች ከኦሮምኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ወገኖቻቸው በኢትዮጵያ በቦረና አካባቢም የሚገኙ አዳኞች ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ ኬንያ የነበሩት በዝሆን አደን የታወቁ ነበሩ።

ዝሆን ለዋታዎች ምግብም ክብርም ነበር። ነገር ግን ጥርሱን የሚገዛ ነጋዴ በባሕሩ ዳርቻ ሲጠባበቅ፣ አንድ ዝሆን ለሰፈሩ የሚበቃ ሥጋ መሆኑ ቀርቶ የሚመነዘር ገንዘብ ሆነ። ሥጋ ይጠገባል፤ ገንዘብ ግን አይጠገብም። ከትርፉ ትልቁን የሚወስዱት ነጋዴዎቹ ሲሆኑ አዳኙ የሚደርሰው ጥቂት ነበር። የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ በ1948 ሲቋቋም የዋታዎቹ ማደኛ መሬት በፓርኩ ውስጥ ወደቀ፣ እነሱም በአንድ ጊዜ ሕገ ወጥ ሆኑ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ ዴቪድ ሼልድሪክና ባልደረቦቹ ባካሄዱት ዘመቻ በርካታ ዋታዎች ታሰሩ፣ የዝሆን አደናቸውም በአብዛኛው አበቃ።

በ1960 የቅኝ ግዛት መንግሥቱ ከፓርኩ በስተምሥራቅ የጋላና የዱር እንስሳት አስተዳደር ፕሮግራም የሚባል ሙከራ ጀመረ። ሐሳቡ ዋታዎች በኮታ ተወስነው በሕጋዊ መንገድ ዝሆን እንዲያድኑ፣ ከሥጋውና ከጥርሱ ሽያጭም እንዲጠቀሙ ነበር። በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ነበር። በተግባር ግን ዋታዎቹ ከአዳኝነት ወደ ቅጥር ሠራተኝነት ወረዱ፣ የሥጋው ሽያጭ ወጪውን አልሸፈነም፣ ፕሮግራሙ በጥቂት ዓመታት ከሰመ፤ መሬቱም የከብት እርባታ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በጻቮ የሆነው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዝሆኖቹ በዙ፣ ዛፉን እየገነጠሉ ጫካውን ወደ ሣር ሜዳ ለወጡት፤ በ1970 እና 1971 ድርቅ ሲመጣም ብዙ ሺህ ዝሆኖች በረሃብ አለቁ። አንዳንድ ባለሙያዎች ዋታዎቹ መወገዳቸው ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዝሆኖቹ የበዙት ከፓርኩ ውጪ ያለው መሬት በሰው ስለተያዘና ወደ ውስጥ ስለተገፉ ነው፣ ድርቁም ከአደን ጋር አይገናኝም ባዮች ናቸው። ከዚያ የመጣው ግን አያከራክርም። በ1970ዎቹ የዝሆን ጥርስ ዋጋ ሲያሻቅብ አውቶማቲክ ጠመንጃ የታጠቁ ቡድኖች ገቡ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ30 ሺህ ያላነሱ ዝሆኖች የነበሩበት የጻቮ ሥነ ምህዳር በ1988 የቀሩት 6 ሺህ ገደማ ሆኑ። በመሐሉ ኬንያ በ1977 አደንን ሙሉ በሙሉ አግዳ ነበር። እልቂቱ ጋብ ያለው በ1989 የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከታገደና ጥበቃው ከተጠናከረ በኋላ ነው። ሕጉ አዳኙን ከልክሎ ገዢውን ባልነካበት ዘመን ቁጥሩ አሽቆልቁሏል፤ ገበያው ሲዘጋ አገግሟል። አንዱ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም ቅደም ተከተሉ ብዙ ይናገራል።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ክብደት

እስካሁን ያለው ለቀስተኞቹ ያደላ ይመስላል፤ የጠባቂዎቹ ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በግንቦት 2014 በጻቮ ምሥራቅ የሞተው ሳታኦ የተባለው ግዙፍ ዝሆን፣ ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በኬንያ ከቀሩት ትልልቆች አንዱ ነበር። የገደለው የመርዝ ፍላጻ ነው፤ ፊቱ ተቆራርጦ ስለነበር ማንነቱን ለማረጋገጥ እንኳ ጊዜ ወስዷል። ሕገ ወጥ አዳኞች ጠመንጃ ሊያገኙ በሚችሉበት ዘመን ወደ ቀስት የሚመለሱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቀስት አይጮህም። ጥይት በተተኮሰ በደቂቃዎች ውስጥ ጠባቂ ሊደርስ ይችላል፤ ፍላጻ ግን ማንም ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ «ባህላዊ መሣሪያ ነውና አይጎዳም» የሚለው ክርክር አይጸናም።

ሌላው ጥያቄ የእንስሳው ስቃይ ነው። በዝግታ የሚገድል መርዝ፣ ተወግቶ ያመለጠ እንስሳ፣ ለቀናት የሚቆይ ቁስል ለብዙ ሰው የሚከብዱ ናቸው። መልስ ሰጪዎች የሽቦ ወጥመድን ያስታውሳሉ፤ ወጥመድ ያለ ተቆጣጣሪ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ እርጉዝና ግልገል አይለይም፣ የተያዘውም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይደርስ በስብሶ ይቀራል። የወጥመዱ ክፋት ግን ለቀስቱ ማስተባበያ አይሆነውም።

የቁጥርም ጥያቄ አለ። የሐድዛ አደን ጉዳቱ ትንሽ የሆነው ሐድዛዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው፤ በዚያው አካባቢ ያለ ገበሬና አርብቶ አደር ሁሉ ደጋን ይዞ ቢወጣ ልጓሙ አይሠራም። ይህ እውነት ነው። የተለየ ፈቃድ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስት አገሮች፣ ሦስት መንገዶች

ኬንያ የመረጠችው ሙሉ ክልከላን ነው። የ2013 የዱር እንስሳት ሕጓ ለዕለት ጉርስ ማደንን ራሱን በስም ጠቅሶ ወንጀል አድርጎታል። ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው፤ ጠባቂው ያገኘው ሰው ባህላዊ ነው አይደለም እያለ አይከራከርም። ዋጋውን የከፈሉት ግን እንደ ዋታ ያሉ ሕዝቦች ናቸው። ሙያቸው ሕገ ወጥ፣ መሬታቸው ፓርክ ሲሆን ሌላ መተዳደሪያ ከእርሻና ከቀን ሥራ በቀር አልተከፈተላቸውም።

ቦትስዋና ብዙ ተመላልሳለች። የማዕከላዊ ካላሃሪ የዱር እንስሳት ክልል በ1961 ሲቋቋም ሳኖች በውስጡ እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። በ1997 እና በ2002 ግን መንግሥት ከዚያ አስወጣቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በታኅሣሥ 2006 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመሬታቸው መፈናቀላቸውም፣ ልዩ የአደን ፈቃድ መከልከላቸውም ከሕግ ውጪ ነው ሲል ወሰነ። ይሁንና በ2014 አገር አቀፍ የአደን እገዳ ሲወጣ የግል የአደን እርሻዎች ከእገዳው ውጪ ሆኑ። ለምግቡ የሚያድነው ሳን ተከልክሎ፣ ከፍሎ የሚያድነው ቱሪስት በግል እርሻ ውስጥ ተፈቀደለት ማለት ነው። እገዳው በ2019 ሲነሳም በክርክሩ ውስጥ ጎልቶ የተሰማው የዝሆን ብዛትና በገበሬዎች ላይ የደረሰው ጉዳት ነበር።

የታንዛኒያ መንገድ ከአደን ይልቅ በመሬት ላይ ያተኮረ ነው፤ የሚበልጠውም ይህ ይመስለኛል። በ2007 በያይዳ ሸለቆ ያለው የሐድዛ መሬት ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ጋር የተያያዘ አንድ የሳፋሪ ኩባንያ ለአደን እንዲይዘው ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበረታ ኩባንያው በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ በ2011 የሐድዛ ማኅበረሰቦች በአንድ አገር በቀል ድርጅት እገዛ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ በሚሆን መሬት ላይ የልማዳዊ ይዞታ ማረጋገጫ አገኙ። ይህ ማረጋገጫ መሬቱ በግለሰብ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ስም እንዲመዘገብ፣ አጠቃቀሙንም ማኅበረሰቡ እንዲወስን የሚያደርግ የሕግ ሰነድ ነው። በዚሁ መሬት ላይ የካርበን ክሬዲት ሽያጭ ተጀመረ። የካርበን ክሬዲት ማለት ደኑ ሳይመነጠር በመቆየቱ አየር ላይ ሳይወጣ የቀረው ካርበን ተለክቶ፣ የራሳቸውን ልቀት ማካካስ ለሚፈልጉ ድርጅቶች የሚሸጥበት ሥርዓት ነው። ከገቢው ለጤና፣ ለትምህርትና ለማኅበረሰቡ የራሱ ደን ጠባቂዎች ይከፈላል።

ይህ የተመረጠበት ምክንያት አለው። በኤያሲ ዙሪያ እንስሳት የቀነሱት በዋናነት በሐድዛ ፍላጻ አይደለም። የማንጎላ የሽንኩርት እርሻ እየሰፋ ውሃውን ወሰደ፤ የዳቶጋና የሌሎች አርብቶ አደሮች ከብት ወደ ሸለቆው ሲገባ ግጦሹና የውሃ ጉድጓዱ ተጣበበ፤ ባኦባብና ሌላው ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ተቆረጠ። አደኑ ቢከለከል ኖሮ ከእነዚህ አንዱም አይቆምም ነበር።

የኢትዮጵያ ጉዳይ የት ላይ ነው?

በአገራችን የነበረው አደን ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ በግዳዩ የሚሸለምበትና የሚዘፈንለት ወግ ከዕለት ጉርስ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ የተመሠረተው በክብር ላይ ነበር። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ነገደ ወይጦዎች ግን ኑሯቸው ከእንስሳው ጋር የተሳሰረ ነበር። ጉማሬው ሲመናመንና አደኑ ሲቀር ወደ ደንገል ሥራ፣ ዓሣ ማጥመድና ሌላ ሙያ ዞረዋል። የጎረቤት ንቀት ግን ከአደኑ ጋር አብሮ አልቀረላቸውም። በመተከል የጉሙዝ ወንዶች ደጋንና ፍላጻ ይዘው መታየታቸው እስከ ቅርብ ጊዜ የተለመደ ነበር፤ በቦረና ዋታዎች አደን ትተው በአርብቶ አደሩ መካከል ይኖራሉ።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ደጋ አጋዘንን የመሰሉ ብርቅ እንስሳት በሚገኙባቸው የአደን ቀበሌዎች ደግሞ የውጭ አገር አዳኞች በብዙ ሺህ ዶላር ፈቃድ ገዝተው ያድናሉ። ይህ ለመንግሥትና በአካባቢው ላለው ሕዝብ ገቢ የሚያስገኝ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ በኮታ እስከተወሰነ ድረስም እንስሳውን ለማትረፍ ይረዳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ችግሩ ከፓርክ አጠገብ ከሚኖረው ሰው ዓይን ሲታይ ነው። እሱ እንሹ ቢገድል ወንጀለኛ ነው፤ ሌላው ከፍሎ ትልቁን ይገድላል። ገቢው ወደ ቀበሌው በሚታይ መልኩ ካልተመለሰ ሕጉ ለእሱ የባለ ገንዘብ ሕግ ነው። ፓርኩን የሚጠብቅበት ምክንያትም አይታየውም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

የሐድዛ ምሳሌ የራሱ ድክመት አለው። የካርበን ገቢ የሚወሰነው በሩቅ ባለ ገበያ ነው። ገዢዎቹ ክሬዲቱን ሲጠራጠሩ ወይም ዋጋው ሲወርድ ለደን ጠባቂዎቹ የሚከፈለው ገንዘብ አብሮ ይወርዳል። የመሬት ማረጋገጫው ድንበር ያበጃል እንጂ ድንበሩን ራሱ አይጠብቅም፤ በድርቅ ዓመት ከብት ይዞ የሚገባውን ጎረቤት ለመመለስ ፖሊስና የወረዳ አስተዳደር ከጎን መቆም አለባቸው፤ በዚያ ሸለቆ ደግሞ ከብት ያለው ወገን ድምፁ የበለጠ ይሰማል።

ቱሪዝሙም ሌላ ጫና ነው። ጠዋት መጥቶ «አደን አሳዩኝ» የሚለው ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ በከፊል ለአስጎብኚው ይሄዳል፤ ለሰፈሩ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ወደ መጠጥ ይለወጣል የሚል ወቀሳ ለዓመታት ሲነሳ ቆይቷል። ከዚህ የሚከፋው ግን አደኑ ራሱ ለትርኢት መሆኑ ነው። ሥጋው ተፈልጎ ሲታደን ልጓሙ ጥጋብ ነበር፤ ካሜራ ተፈልጎ ሲታደን በየቀኑ የሚመጣ አዲስ መኪና አለ። ቪዲዮዎቹ የፈጠሩት ፍላጎት ከዝሆን ጥርስ ነጋዴው ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው፤ የሚገደለው እንስሳ ብዛት በሰፈሩ ሆድ መለካቱ ቀርቶ በውጭ በሚመጣ ገንዘብ መለካት ይጀምራል። የያይዳ ማኅበረሰቦች መሬቱን በስማቸው ማስመዝገባቸው እዚህም ላይ ይጠቅማል። ማን ገብቶ ይቅረጽ፣ በሳምንት ስንት ቡድን ይምጣ፣ ክፍያውስ በማን እጅ ይግባ የሚለውን የመወሰን ሕጋዊ መሠረት አላቸው። ከይዞታው ውጪ፣ በማንጎላ በኩል ያሉት ሐድዛዎች ግን ይህ የላቸውም፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚሄደውም ወደ እነሱ ነው።